ክሬዲት ሪፖርት ከስም ጀምሮ ይነበባል

አዲስ አበባ ከባንክ ተበድሮ ቤት የሠራ፣ ዕዳውንም እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፍሎ የጨረሰ ሰው አሜሪካ ገብቶ መኪና በብድር ሊገዛ ሲጠይቅ «ክሬዲት የለህም» ይባላል። እዚያ ያካበተው መልካም ስም እዚህ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ለዓመታት ሳያጓድል ዕቁብ መጣሉም አይቆጠርለትም። የሚቆጠረው ለሦስት የግል ኩባንያዎች የተነገረው ብቻ ነው።

ኩባንያዎቹ ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን ይባላሉ። ባንኮችና የክሬዲት ካርድ ድርጅቶች ማን ስንት እንደተበደረና በጊዜው መክፈሉን አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ያሳውቋቸዋል። ሁሉም አበዳሪ ለሦስቱም ስለማያሳውቅ በአንዱ ኩባንያ ክሬዲት ሪፖርት ላይ ያለ ስህተት በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው «ሪፖርቴን ካየሁ የክሬዲት ነጥቤ፣ ስኮሬ፣ ይወርዳል» ብሎ ይፈራል። አይወርድም። ለአዲስ ብድር ሲያመለክቱ አበዳሪው የሚያደርገው ማጣራት ነው ነጥብ ሊቀንስ የሚችለው፤ እሱም ሪፖርቱ ላይ የሚቆየው ሁለት ዓመት ነው። ሪፖርቱ ከሦስቱም ኩባንያዎች በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል፤ በሕግ የተፈቀደው ድረ ገጽ አንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ነው። በስልክ ለሚፈልግ 1-877-322-8228 አለ። በስም የሚመሳሰሉና የካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ሌሎች ገጾች ስላሉ አድራሻውን ፊደል በፊደል ማረጋገጥ ይገባል።

ሪፖርቱ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዕዳው ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከላይ ካለው የግል መረጃ ቢጀምር ይሻላል። «ጸሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል፤ መኪና ሻጩ አንዱን፣ ባንኩ ሌላውን ጽፎ ሊሆን ይችላል። አንዱ ፎርም ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። እህትማማቾች በአንድ አድራሻ፣ በአንድ የአባት ስም ይኖራሉ። የልደት ቀናቸው በሰነድ ያልተረጋገጠ ብዙ ስደተኞች ደግሞ ጃንዋሪ 1 ተብለው ተመዝግበዋል። እነዚህ ሲደራረቡ የአንዱ ሰው ዕዳ ሌላው ፋይል ውስጥ ሊገባ፣ ወይም የአንድ ሰው ታሪክ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በፓስፖርትና በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳይለውጡ በሁሉም ቦታ መጠቀም ከዚህ ጣጣ በእጅጉ ያድናል።

ከዚያ የሂሳቦቹ ዝርዝር ይመጣል። ጥቂት ቀን የዘገየ ክፍያ የቅጣት ገንዘብ ሊያስከትል ይችላል፤ 30 ቀን ካለፈው ግን ሪፖርቱ ላይ ሊሰፍርና እስከ ሰባት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከ300 እስከ 850 የሚደርሰው የፋይኮ ስኮር 35 በመቶው የሚሰላው በክፍያ ታሪክ፣ 30 በመቶው በዕዳ መጠን ነው። ነፃው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ስኮሩን አይጨምርም፤ ስኮሩ የሚሠራበትን መረጃ ግን ይዟል።

እዚህ ላይ የዋስ ጉዳይ በግልጽ መነገር አለበት። የአክስት ልጅ መኪና ሊገዛ ሲል «ፈርምልኝ» ቢል እንቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን የፈረመው ሰው ዕዳው የራሱም ነው፤ ብድሩ በእሱ ሪፖርት ላይ ሊታይ፣ የዘመዱ መዘግየትም የእሱ መዘግየት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል። ለመፈረም የወሰነ ሰው ቢያንስ የብድሩን ሂሳብ በየወሩ የሚያይበት መንገድ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስህተት ያገኘ ሰው ስህተቱን ለያዘው ኩባንያ በድረ ገጽ ወይም በደብዳቤ ያመለክታል፤ መብቱን የሰጠው በ1970 የወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ነው። የፓስፖርት ቅጂና የክፍያ ደረሰኝ ማያያዝ ነገሩን ያፋጥናል። ዋናው ሰነድ ግን አይላክም። ኩባንያው ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት፣ ማረጋገጥ ያልቻለውንም መሰረዝ ግዴታው ነው። አንድ ፋይል ከሌላ ሰው ፋይል ጋር ከተቀላቀለ «ዕዳው የእኔ አይደለም» ከማለት በላይ «ይህ ሰው እኔ አይደለሁም» ብሎ በስም፣ በልደት ቀንና በአድራሻ ልዩነቱን ማሳየት ያስፈልጋል።

ለወራት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር አስተካክሎ ይሂድ፦ የካርዱን ዝቅተኛ ክፍያ አውቶማቲክ ማድረግና ፋይሉን በሦስቱም ኩባንያዎች «ፍሪዝ» ማድረግ። ፍሪዝ ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ ነፃ ነው፤ በስሙ ሌላ ሰው አዲስ ብድር እንዳይከፍት ያግዳል። ሲመለስ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያነሱለት ይገባል።