የፒካፕ ሞተር ለምን ይግላል? ውሃውስ የት ይሄዳል?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ሰውንም ሞተርንም ያደክማል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ማዳበሪያ የጫነ አሮጌ ፒካፕ ይህን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ዶርዜ ሳይደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሊወጣ ይችላል። ሹፌሩ ያቆማል። ረዳቱም ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል።

ይህን ያየ ሰው «መኪናዋ ውሃ ጠማት» ብሎ ያልፋል። ነገሩ ግን ከጥም ይበልጣል። መኪናው የማኅበር ከሆነ፣ የሚቃጠለው ሞተር የአባላቱ ገንዘብ ነው። የላንቴ ሙዝ ተጭኖበት ከሆነ፣ ሙዝ መካኒክ እስኪመጣ አይጠብቅም። ምጥ የያዛት ሴት ተሳፍራ ወደ ሆስፒታል እየወረደች ከሆነስ? ስለዚህ የሞተርን ሕመም ማወቅ ለሹፌር ብቻ የሚተው አይደለም።

ሞተር ውስጡ እሳት ነው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይነድበታል። ከዚህ እሳት ጎማውን ለማዞር የሚውለው ሢሶው ያህል ነው። የቀረው ከፊሉ በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ ከፊሉ ብረቱን ያግላል። ብረቱን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚዞረው ውሃ ነው። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ራዲያተር ማለት ከመኪናው ፊት የቆመው፣ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ዕቃ ነው። እዚያ ነፋስ ያገኘውና ይበርዳል፤ በታችኛው ቱቦ ተመልሶ ወደ ሞተር ይገባል። ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ ነው። መኪናው በዳገት ሲያዘግም የመንገድ ነፋስ ስለማይበቃ፣ ነፋስ የሚስበው ቬንትሌተሩ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጀርመናዊቷ ቤርታ ቤንዝ በ1880 ዓ.ም. ባሏ በሠራው መኪና ከሁለት ልጆቿ ጋር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ፣ ውሃው እየተነነ ያልቅ ስለነበር በየመንገዱ እየቆመች ትቀዳ ነበር። ዛሬ ግን ደህና መኪና ውሃ አይጨርስም። ውሃ በየቀኑ የሚጨመርበት መኪና ካለ የሚያፈስ ቦታ አለው ማለት ነው። «መኪናችን ውሃ ትወዳለች» የሚል ሹፌር ሲያጋጥማችሁ አትመኑት።

አሁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን እንምጣ። ቆላም ደጋም የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ውሃ አርባ ምንጭ ላይ በ96 ዲግሪ ያህል ሲፈላ ጨንቻ ላይ በ91 ዲግሪ ያህል ይፈላል። እሳቱ ቢበረታም የሚፈላው ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ባቄላው የሚዘገየውም ለዚህ ነው። የመኪናው ውሃም ከፍ ባለ ቁጥር ቶሎ መፍላት ይፈልጋል። እንዳይፈላ የሚከለክለው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ በላይ ቢሞቅም አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሽቦው ከላላ ግን ውሃው ዳገት ላይ ይፈላል። ብዙ ሰው ሞተር ያስፈታል እንጂ ክዳኑን አይመረምርም። ክዳን ደግሞ ርካሽ ነው።

ይህ ክዳን ሰውንም ያቃጥላል። ሞተሩ ግሎ ሳለ ቢከፈት፣ የታፈነው ውሃ በአንድ ጊዜ ይፈላና ወደ ፊት ይፈናጠራል። ፊትና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። እንፋሎት ስታዩ መኪናው ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ይጠበቅ። የላይኛው ቱቦ ለእጅ ሲበርድ፣ ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ ክዳኑን በጥቂቱ አላሉት። የታፈነው ወጥቶ ሲያበቃ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ቀዝቃዛ ውሃም በጋለ ሞተር ላይ አትድፉ፤ የጋለ ምጣድ ውሃ ሲነካው እንደሚሰነጠቅ፣ የሞተሩም ራስ፣ ቴስታታ የሚሉት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ታዲያ የሚያፈሰው የት ነው? ማታ መኪናውን ደረቅ ቦታ ላይ አቁሙና ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታው የት እንደወደቀ እዩ። ከፊት ለፊት ከሆነ ራዲያተሩን ወይም የታችኛውን ቱቦ ጠርጥሩ። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከቬንትሌተሩ ጀርባ ከሆነ የውሃ ፓምፑን። ቱቦው ከብረት ጋር በሚታሰርበት ቦታ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ፣ እዚያ ውሃ እየወጣ ደርቋል። አንዳንዴ ማሰሪያውን ማጥበቅ ብቻ ይበቃል። ቱቦውን በበረደ ጊዜ በእጅ ጨመቅ አድርጉት፤ ተሰነጣጥቆ ወይም እንደ ሊጥ ለስልሶ ከሆነ መለወጥ አለበት።

መሬቱ ደረቅ ሆኖ ውሃው እየጎደለ ቢሄድስ? ይህ የከፋው ነው። ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ጋርኒሲዮን ሲቃጠል እንዲህ ይሆናል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ዘይቱን እዩ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ወይም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካለማቋረጥ ቢንተከተክ፣ ነገሩ ያው ነው። እንዲህ ያለ መኪና ወደ ጋራዥ ተጎትቶ ይሂድ። አንድ ዳገት ቢጨመርበት ሞተሩ ሊነክስ ይችላል።

የማያፈስ መኪናም ይግላል። የቬንትሌተሩ ቺንጊያ ላልቶ ይሆናል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ መርገብ የለበትም። የራዲያተሩ ፊት በጭቃና በሣር ፍሬ ተደፍኖም ይሆናል። ሞተሩ ግሎ የላይኛው ቱቦ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታት የተባለው ትንሽ በር አልከፈት ብሏል፣ ወይም ውሃው ጎድሏል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል መካኒክ አለ። ይህ ለአንድ ቀን መንገድ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ነዳጅ ይበላል።

የሙቀት መለኪያውንም ብቻውን አትመኑ። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ መለኪያው የሚነካው ውሃ ስለማያገኝ፣ ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ ዝቅ ሊል ይችላል።

የሚጨመረው ውሃም ይመረጣል። የጫሞ ውሃ ጨው አለበት፤ የአባያ ውሃ ደግሞ በደለል የቀላ ነው። ሁለቱም ራዲያተር ውስጥ ሲገቡ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናሉ። ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይታችሁ የለ? እሱ ነው የሚሠራው። ከጣራ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይሻላል። ቀዳዳ ይደፍናል ብሎ እንቁላል የሚጨምርም አለ፤ እንቁላሉ ቀዳዳውንም ደህናውን ቱቦም አብሮ ይደፍናል።

ከሁሉም የሚሻለው ኩላንት የሚባለው ባለ ቀለም ፈሳሽ በንጹሕ ውሃ ተቀላቅሎ ሲሞላ ነው። በፈረንጅ አገር ውሃው በረዶ እንዳይሆን ይጨምሩታል። እኛ ዘንድ የሚጠቅመው ብረቱን ከዝገት ስለሚጠብቅና መፍላቱን ስለሚያዘገይ ነው። ነገር ግን ብዙው ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ይጣፍጣል። ውሻ ይልሰዋል፣ ሕፃን ይቀምሰዋል፤ ኩላሊት አበላሽቶ ይገድላል። ከመኪና የፈሰሰውን አፈር አልብሱት። የተቀዳውን አሮጌ ኩላንት የመስኖ ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ በለስላሳ ጠርሙስም አታስቀምጡ።