ዘረኝነትን በሥራ ስለመቃወም

ዘረኝነት ማለት ሰውን በችሎታው ሳይሆን በትውልዱ መመዘን ነው። የካቶሊክ ማኅበራትም ከዚህ ነፃ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1838 የአሜሪካ ኢየሱሳውያን የጆርጅታውን ኮሌጅን ዕዳ ለማቃለል 272 ጥቁሮችን ሸጡ፤ በ2021 ማኅበሩ ለተሸጡት ሰዎች ተወላጆችና ለዕርቅ ሥራ 100 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገባ።

በአገራችን ደግሞ ቀደም ያለ መልካም ምሳሌ አለ። የላዛሪስት ማኅበር አባል የነበሩት ጣሊያናዊው አቡነ ያዕቆብ (ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ) በ1839 ዓድዋ ገቡ። በዚያ ዘመን ብዙ አውሮፓውያን ጥቁርን ከእነሱ በታች ያዩ ነበር። እሳቸው ግን ያገሩን ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ የግዕዙን ሥርዓት ጠብቀው ኢትዮጵያውያንን ለክህነት አበቁ። በ1851 ጎጃሜውን ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሙ።

የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ እኩልነት የሚታወቀው በቃል ሳይሆን ኃላፊነት ሲሰጥ ነው።

እኛስ ታዲያ? በሰሜኑ ደጋ፣ በዋግ ኽምራም ጭምር፣ ቀጥቃጩ «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። የሠራውን ማረሻ እንወስዳለን፤ በጋብቻ ግን እንርቀዋለን። ስሙ ይለያይ እንጂ ሚዛኑ ያው ትውልድ ነው። ስለዚህ የሰቆጣ ተማሪ «ዘረኝነት የፈረንጅ ነገር ነው» ከማለቱ በፊት የቀጥቃጭ ልጅ የክፍል አለቃ ወይም የዕድር ዳኛ ቢሆን ይቀበለው እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።