ለአሮጌ ትራክተር ተስማሚ መብራት ስለ መምረጥ

በእርሻ ወራት ትራክተር ቀን ሲያርስ ውሎ በጨለማ ይመለሳል። መንገዱ ላይ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ጋሪና የተጫነ አህያ አለ። ከኋላ የሚመጣው መኪናም መብራት የሌለውን ትራክተር፣ ይልቁንም ተሳቢ ሲጎትት፣ ከሩቅ አያየውም። ስለዚህ የትራክተር መብራት የሕይወት ጠባቂ እንጂ ጌጥ አይደለም።

የአሮጌ ትራክተር መብራት ሲሰበር የራሱ ዓይነት በገበያ ላይገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ስፋቱን ብቻ ለክቶ ሌላ ይገዛል። ነገር ግን ልኩ የገጠመ ሁሉ ተስማሚ አይደለም። ከመግዛት በፊት እነዚህን አራት ነገሮች መመርመር ይገባል።

1ኛ/ ቮልቱ። በባትሪው ላይ ያሉትን የውሃ መሙያ ክዳኖች ይቁጠሩ። 3 ከሆኑ 6 ቮልት፣ 6 ከሆኑ 12 ቮልት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው ፎርድ 8ኤን ከፋብሪካ ሲወጣ 6 ቮልት ነበር፤ በ1964 መሠራት የጀመረው ማሴ ፈርጉሰን 135 ግን 12 ቮልት ነው። የ6 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ላይ ይቃጠላል፤ የ12ቱም በ6 ላይ እንደ ፍም ደብዝዞ ይቀራል።

2ኛ/ ከትራክተሩ አካል ጋር የታሰረው የባትሪ ጫፍ። በዛሬ መኪኖች ኔጋቲቩ ነው፤ በፎርድ 8ኤን ግን ፖዘቲቩ ነበር። ይህ ለተራ አምፖል ለውጥ የለውም። ኤልኢዲ መብራት ግን ተገልብጦ ሲታሰር አይበራም፤ ሊበላሽም ይችላል። ስለዚህ ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር ለታሰረ ትራክተር ተራ አምፖል መምረጥ ይሻላል።

3ኛ/ ዋቱ። የዲናሞው ኃይል 11 አምፔር ቢሆን፣ በ12 ቮልት ሲባዛ 132 ዋት ይሆናል። ሁለት የፊት መብራትና አንድ የሥራ መብራት እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ 165 ዋት ይፈልጋሉ። የጎደለው 33 ዋት ከባትሪው ይወሰዳል፤ ጧትም ሞተሩ አልነሣም ይላል። በነሱ ፈንታ 18 ዋት የሆኑ ሦስት ኤልኢዲዎች ቢገጠሙ 54 ዋት ብቻ ይበቃቸዋል፤ የቀረው ባትሪ ይሞላል።

4ኛ/ ሽቦውና እስሩ። መብራት ሲደበዝዝ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአምፖሉ ሳይሆን የዝገት ነው። መብራቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ሽቦን በጥድፊያ ጠምዝዞ መተው አይገባም። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታም ተራ ሽቦ ማስገባት ክልክል ነው፤ ሽቦው ሲግል ገለባውንና የዓመቱን እህል ሊያነድ ይችላል።

መብራቱ ከተገጠመ በኋላ የፊቱ ነጭ፣ የኋላው ቀይ መሆኑን ያረጋግጡ። ወደ ኋላ የሚያበራው ነጭ የሥራ መብራት የሚከተለውን ነጂ ዓይን ስለሚያጭበረብር፣ ከማሳ ወደ መንገድ ሲወጡ ይጥፋ። ተሳቢ ካለም ቀይ መብራቱ በተሳቢው ጀርባ ላይ ይሁን።

የልማት ሠራተኞችም እርሻ ከመጀመሩ በፊት የትራክተር ባለቤቶችን በአንድ ምሽት ሰብስበው መብራቱን ሁሉ በጨለማ ቢያስፈትሹ፣ ጉድለቱ አደጋ ሳያደርስ ይታረማል።