የጋራውን ሳትለቅ የራሳችንን አብጅ

ልጄ፣

በጫግኒና በዙሪያዋ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በኮምፒውተር ልትመዘግብ፣ የሽማግሌዎችንም የአዊኛ ተረት ልትጽፍ መነሣትህ እጅግ አስደስቶኛል። ለዚህ ሥራ የዓለም ምሁራን የተስማሙበት የጋራ ሥርዓት አለ፤ ቲኢአይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ፤ ዛሬ ኤክስኤምኤል በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ይጻፋል። ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ የሰው ስም ነው፣ ይህ ቀን ነው እያለ የጽሑፍን ክፍል የሚለይባቸው ከ500 በላይ ኤለመንቶች አሉት። ለሁሉም አገር የተሠራ ስለሆነ ለእኛ መጻሕፍት እንዲስማማ ማበጀት የአንተ ድርሻ ነው። የምመክርህ ይህን ነው።

1. አዲስ ከመሥራትህ በፊት የተሠራውን እወቅ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን ብራናዎቻችንን እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ሆነው ዘርዝረው መዝግበዋል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች በቲኢአይ ይመዘግባል። ስኪማውንም፣ ማለት የትኛው ምልክት የት እንደሚፈቀድ የሚወስነውን ሕግ፣ መመሪያውንም ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ከባዶ አትነሣ፤ ከዚያ ተነሣ።

2. መጀመሪያ ቀንስ። ለቴአትር ጽሑፍ የተዘጋጀው ክፍል ለስንክሳርና ለገድል ምን ይሠራል? የማትጠቀምበትን ከስኪማህ አውጣ። በመቀነስ ብቻ ያበጀኸው ሰነድ በሙሉው ቲኢአይም ዘንድ ትክክል ሆኖ ይቀጥላል፤ ሐምቡርግ ያለው ተመራማሪ ያለ ችግር ያነበዋል። ለጀማሪ መዝጋቢም ምርጫው ሲያንስ ስሕተቱ ያንሳል።

3. የምርጫ ዝርዝሩን ዝጋ። ሐረግ፣ ሥዕል፣ የስጦታ ማስታወሻ፣ የርስት ማስታወሻ፣ የባለቤት ስም እያልክ የተፈቀዱትን ቃላት ቆጥረህ ወስን። አንዱ መዝጋቢ በንጉሡ ሠ «ሥዕል»፣ ሌላው በእሳቱ ሰ «ስዕል» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ፈላጊውም ግማሹን ያጣል። ዝርዝሩ ከተዘጋ ስኪማው ስሕተቱን ወዲያው ያሳያል። የብራናውን ጽሑፍ ስትገለብጥ ግን ጸሐፊው የጻፈውን ፊደል እንዳለ ጠብቅ፤ ሕጉ ለአንተ ምልክት እንጂ ለእርሱ ቃል አይደለም።

4. የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አታድርግ። ቲኢአይ ፎርኔምና ሰርኔም የሚሉ ኤለመንቶች አሉት፤ የእኛ ስም በእነዚህ አይገባም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲወለዱ ተፈሪ ነበሩ፤ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ሲሆን ሲነግሡ የመንግሥት ስማቸው አደረጉት። ስለዚህ የስም ዓይነቶችህን ራስህ ሰይም፤ የተጸውዖ፣ የአባት፣ የክርስትና፣ የመንግሥት በል። ሰርኔምን ከስኪማህ ሰርዘው፤ ከሌለ ማንም አይሳሳትበትም።

5. ዘመንን በጥንቃቄ ያዝ። ዌን የሚባለው የቀን አትሪቢዩት (በኤለመንት ላይ የሚጨመር መግለጫ) የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው፤ ጳጉሜንን አይቀበልም። የአገራችንን ቀን ዌን ከስተም በሚባለው መዝግብ፣ የፈረንጁን ለብቻው አስላ። ስሌቱም በየዓመቱ አንድ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች የሚያከብሩት ጥር 23 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 31 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ እንደ 2016 ዓ.ም.፣ ፌብሩዋሪ 1 ይሆናል። ብራናው «በዘመነ ማርቆስ» ብሎ ዓመቱን ካልቆጠረ አንተም ዓመት አትፍጠርለት፤ ከዚህ በፊት አይሆንም፣ ከዚህም በኋላ አይሆንም ብለህ ወሰኑን አስቀምጥ።

6. የእያንዳንዱን ጽሑፍ ቋንቋ ለይ። አንዱ ብራና ውስጡ በግዕዝ፣ ኅዳጉ ላይ ያለው ማስታወሻ በአማርኛ ሊሆን ይችላል። አዊኛም የራሱ ዓለም አቀፍ የቋንቋ ኮድ አለው። ፊደሉ አንድ ነው ብለህ ተረቱን በአማርኛ ኮድ ካስገባኸው፣ አዊኛ የሚፈልግ ሰው ፈጽሞ አያገኘውም።

7. የግድ ከጨመርክ በግልጽ ጨምር። ያለውን ሁሉ ፈትሸህ የጠፋብህ ነገር ካለ ኤለመንት መፍጠር ተፈቅዷል፤ ነገር ግን በራስህ ኔምስፔስ፣ ማለት የማን እንደሆነ በሚለይ የስም ክልል፣ ይሁን። የቲኢአይን ስም ለብሶ የገባ ባዕድ ኤለመንት በኋላ የሚመጣውን ሰው ያሳስታል። የነባሩን ኤለመንት ፍቺም በስውር አትለውጥ፤ ከመጨመር የከፋ ጥፋት ይህ ነው፣ ስኪማው ሊይዘው አይችልምና።

8. ሕጉንና ምክንያቱን በአንድ ሰነድ ጻፍ። ቲኢአይ ለዚህ ኦዲዲ የሚባል የሰነድ ዓይነት አለው፤ ከዚያ ከአንዱ ፋይል ስኪማውም መመሪያውም ይወጣሉ። ሮማ የተባለው መሣሪያ ሥራውን ያቀልልሃል። ሰርኔምን ለምን እንዳወጣህ፣ ዝርዝሩን ለምን እንደዘጋህ በአማርኛ አስረዳ። ያለ ምክንያት የቆመ ሕግ አንተ ከሥራው ስትወጣ ይፈርሳል።

9. መመሪያውን ለመሪጌታውና ለአዊኛ አዋቂዎቹ አንብብላቸው። ኮምፒውተር ባይነኩም የመጽሐፉን ክፍል፣ የማስታወሻውን ዓይነት፣ የተረቱን ወግ ከአንተ ይልቅ ያውቃሉ። ያረሙህን አርም፣ የጨመሩልህን ጨምር። የመጀመሪያውን ብራና መመዝገብ የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ መቶ መጽሐፍ ከተመዘገበ ወዲያ ሕግ መለወጥ መቶውንም እንደገና መሥራት ነውና።