መልእክቱ የሚገነባው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው

ዛሬ ኤስኤንኤምፒ የሚባለውን የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ፕሮቶኮል፣ በተለይም መልእክቱን የሚገነቡትን ፋንክሽኖች እናያለን።

ክረምት ነው እንበል። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል። ወረታ ያለ አንድ ራውተር ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ተመለሰ። መብራት ሄዶ ነው ወይስ መስመሩ ተቋርጦ? ሰው በዚያ ጭቃ ከመላካችን በፊት ራውተሩን «ከተነሣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብለን እንጠይቀው። የጥያቄው መለያ 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ነው። መልሱ የሚቆጠረው በሰከንድ መቶኛ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ መሣሪያው ጠፍቶ እንደተነሣ እንጠረጥራለን፤ ትልቅ ከሆነ ወደ መስመሩ እንዞራለን። (ቆጣሪው በየ497 ቀኑ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ አንዳንዴ ያሳስታል።)

በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር በሦስት ክፍል ይጻፋል፦ ዓይነት፣ ርዝመት፣ ይዘት። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ርዝመቱ ላይ ነው፤ ከይዘቱ ቀድሞ ይጻፋል፣ የሚታወቀው ግን ይዘቱ ካለቀ በኋላ ነው። ከወረታ ሩዝ የሚጭን ነጋዴ የእያንዳንዱን ጆንያ ሚዛን ሳያውቅ የመኪናውን ጠቅላላ ጭነት አይጽፍም። እኛም ከጆንያው እንጀምር።

የመለያው የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች 1×40+3 ተብለው 43 ይሆናሉ፤ ከቀሪዎቹ ጋር 8 ባይት፣ ከዓይነቱና ከርዝመቱ ጋር 10። ባዶ ዋጋው 2 ባይት ነው። ሁለቱ በአንድ ሲጠቀለሉ 14፣ ዝርዝሩ ሲጠቀልላቸው 16። የጥያቄ ቁጥር (7 ይሁን) እና ሁለቱ የስህተት ቦታዎች 9 ባይት ይጨምራሉ፤ የጥያቄው ዓይነት 160፣ ርዝመቱ 25፣ በድምሩ 27። የስሪት ቁጥሩ 3፣ «ፐብሊክ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል 8፤ የውጭው መጠቅለያ 2። ጠቅላላው 40 ባይት ነው።

የጥያቄ ቁጥሩን 300 ብታደርጉት አንድ ባይት ይጨምርና ሁለት የውጭ ርዝመቶች ይቀየራሉ። ስለዚህ ባይቶቹን በእጅ ጽፎ ማስቀመጥ አያዋጣም። ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ፋንክሽን ጻፉ፤ የውስጡን ተቀብሎ ዓይነትና ርዝመት ከፊቱ ጨምሮ ይመልስ። ኔት-ኤስኤንኤምፒ የተባለው የሲ ላይብረሪ ከኋላ ወደ ፊት የሚጽፉ ፋንክሽኖች ያሉት ለዚሁ ነው። በእሱ ስትሠሩ አንዱ ፋንክሽን ባዶ ጥያቄ ይፈጥራል፣ ሌላው መለያውን ከባዶ ዋጋ ጋር ይጨምራል፣ ሦስተኛው ልኮ መልስ ይጠብቃል። ይህ ሦስተኛው ጥያቄውን ራሱ ከሜሞሪ ያጠፋዋል፤ እናንተ ደግማችሁ ካጠፋችሁት ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል። መልሱን ማጥፋት ግን የእናንተ ሥራ ነው።

«ፐብሊክ» እንደ ይለፍ ቃል ቢያገለግልም ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ የሚያደምጥ ሁሉ ያነበዋል። ምስጠራ የመጣው በሦስተኛው ስሪት ነው። ልምምዱን በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሥሩ፤ የሌላ ሰው መሣሪያ ያለ ፈቃድ አትጠይቁ።

የቤት ሥራ፦ የጥያቄ ቁጥሩ 200 ቢሆን ይዘቱ ስንት ባይት ይወስዳል? አንድ ያላችሁ የምልክት ቢቱን ረስታችኋል።