የበቆሎና የአኩሪ አተር ማምረቻ ወጪ አቆጣጠር

በባኮ፣ በጅማና በፓዌ አካባቢ በቆሎና አኩሪ አተር እየተፈራረቁ ሊዘሩ የሚችሉ ሰብሎች መሆናቸው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ገበሬው ወጪውን ሲጠየቅ የሚጠቅሰው በአብዛኛው የማዳበሪያና የዘር ዕዳውን ነው። የቤተሰቡ ጉልበት፣ የበሬው ቀለብ፣ ለደቦ የወጣው እህልና ጠላ ከሒሳብ ውጭ ይቀራሉ። ማኅበሩ በዚህ ጎደሎ ሒሳብ ላይ ተመሥርቶ ብድር ከሰጠ ኋላ ዕዳ መሰብሰብ ይቸግረዋል።

ወጪው በሄክታር ብቻ ሳይሆን በኩንታልም መታሰብ አለበት። ለምሳሌ የ1 ሄክታር በቆሎ ጠቅላላ ወጪ 60,000 ብር፣ የኩንታሉ ዋጋ 3,000 ብር ነው እንበል። ትርፍ የሚጀምረው ከ20 ኩንታል በላይ ነው። በአጨዳ ሰሞን ዋጋው ወደ 2,400 ብር ቢወርድ ግን ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 25 ኩንታል ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ስለሆኑ የልማት ሠራተኛው የየቀበሌውን ዋጋ ይተካባቸው።

በበቆሎ ብዙ ገንዘብ የሚወስዱት ዘርና ዩሪያ ናቸው። ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ይገዛል፤ ካለፈው ምርት አስቀርቶ መዝራት ምርት ስለሚቀንስ ቁጠባ አይባልም። በመሥመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሄክታር 44,444 ተክል ይቆማል። ከዚህ ሩቡ ቢጠፋም የእርሻው፣ የአረሙና የጥበቃው ወጪ አይቀንስም። 2 ኩንታል ዩሪያ 92 ኪሎ ናይትሮጂን ይሰጣል፤ ማሳው በአረም ከተዋጠ ግን የሚቀለበው አረሙ ነው። ገንዘብ ካጠረ ለአረም የሚወጣው ይቅደም። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መጤ ተምች ስለገባ የአሰሳ ጉልበትና የመድኃኒት ወጪ ተጨምሯል።

አኩሪ አተር ናይትሮጂንን ከአየር ስለሚያገኝ የዩሪያ ወጪው ይቀላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሕያው ማዳበሪያው ሲሠራ ነው። ለ1 ሄክታር ዘር ባለ 125 ግራም 4 ፓኬት ይበቃል። ዘሩ በጥላ ሥር ይታሽና ሳይውል ሳያድር እርጥብ አፈር ላይ ይዘራ። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኬት ከባከነ ገንዘብ አይለይም። አበባ ሲያወጣ ጥቂት ተክል ነቅሎ በሥሩ ላይ ያሉትን እብጠቶች መሰንጠቅ ነው፤ ውስጣቸው ቀላ ካለ ሥራው ተሠርቷል። ይህን ፍተሻ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከወጪ አንጻር ግን ከዚህ የረከሰ የለም።

አኩሪ አተር አጨዳው ከዘገየ ቆባው እየፈነዳ ማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ የአጨዳና የወቂያ ጉልበት ቀደም ብሎ በሒሳብ ይያዝ። በገበሬው ቤት እንደ በቆሎ የሚበላ ባለመሆኑም ማኅበሩ ዘር ከማከፋፈሉ በፊት ገዢ ማነጋገር ይኖርበታል።

አሲዳማ መሬት ላይ የሚበተን ኖራ ጥቅሙ ለዓመታት ስለሚዘልቅ ወጪው በ1 መኸር ላይ አይጫን። በአንጻሩ ዋጋ እስኪወጣ በቆሎ የሚያቆይ ገበሬ የከረጢቱንና የነቀዙን ጉዳት ይጻፍ። መዝገቡ ሥራው በተሠራበት ቀን ይሞላ፤ በጥር ስለ ሰኔ አረም ሲጠየቅ የሰው ቁጥር በትክክል የሚያስታውስ ጥቂት ነው።