ስለ አረጋውያን የለመነች ሴት
(ለቁምስና የጥናት ቡድኖች)

በቋንቋችን ለምኖ አዳሪውን ሰው የምንጠራበት ስም እጅግ የሚያስደንቅ ነው። «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ትርጉሙም እንደ እኔ ያለ፣ የእኔው አምሳያ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጡ አባቶቻችን ሰጪውንና ተቀባዩን በአንድ ቃል እኩል አደረጓቸው። ይሁን እንጂ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን በቤተክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጡትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስናይ፣ እኛ ቆመን እነርሱ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የእኛ እጅ ወደ ታች የእነርሱ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ቃሉ የሚናገርለት እኩልነት ወዴት አለ? በዚህ ጥናታችን አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሣለን። አረጋዊውን ድሃ መርዳት ሲባል በለመነ ጊዜ መስጠት ማለት ብቻ ነውን? ወይስ የመለመኑን ሸክም ራሱን ከትከሻው ማውረድ ይገባናል?

ከቅዱሳት መጻሕፍት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተክርስቲያን ለመበለቶች በየዕለቱ ምግብ ታድል ነበር። ነገር ግን ግሪክኛ ከሚናገሩት ወገን የሆኑት መበለቶች በዕደላው ስለ ተዘለሉ ማጉረምረም ተነሣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ያጉረመረሙት መበለቶቹ ራሳቸው አይደሉም፤ ወገኖቻቸው ናቸው ስለ እነርሱ ሆነው የተናገሩት። ሐዋርያትም ጉዳዩን እንደ ተራ ሐሜት አላለፉትም፤ ሰባት ሰዎች ተመርጠው በማእዱ አገልግሎት ላይ እንዲሾሙ አደረጉ። የሰባቱም ስሞች፣ ከእስጢፋኖስ ጀምሮ እስከ ኒቆላዎስ፣ የግሪክ ስሞች ናቸው። በዚህም የተነሣ ብዙ ሊቃውንት ሰባቱ ከተዘለሉት መበለቶች ወገን የተመረጡ እንደ ሆኑ ያስባሉ። የተረሳውን ሰው ችግር የሚያውቅ፣ ቋንቋውንም የሚሰማ ሰው ተሾመለት ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 5 ነገሩን በዝርዝር ይመለከተዋል። መበለቲቱ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሏት እንደ ሆነ፣ አስቀድመው እነርሱ ለወላጆቻቸው ውለታ መመለስን እንዲማሩ ያዛል። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ክርስቲያንም ሃይማኖቱን እንደ ካደ ይቈጠራል። ማንም የሌላትን ግን ቤተክርስቲያን ትረዳታለች። ሐዋርያው ዕድሜዋ ከ60 ዓመት ያላነሰ መበለት የምትጻፍበትን መዝገብም ያነሣል። ይህ መዝገብ ለርዳታ ብቻ ሳይሆን ለጸሎትና ለአገልግሎት የተለዩ መበለቶች ይጻፉበት እንደ ነበር የሚያስረዱ መምህራን አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ቤተክርስቲያን የትኛዋ እናት ልጅ እንዳላት፣ የትኛዋም ብቻዋን እንደ ቀረች ለይታ ታውቅ ነበር።

ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7፣ ለአባቱና ለእናቱ ሊያወጣው የሚገባውን ሀብት ቁርባን ብሎ ለእግዚአብሔር በመሰየም ከግዴታው የሚያመልጠውን ሰው ይገሥጻል። ይህ ቃል በዘመናችን ለማን እንደሚደርስ መገመት አያዳግትም። ለቤተክርስቲያን ማሠሪያ ብዙ ብር ሰጥቶ ስሙ ሲጠራ ደስ የሚለው፣ እናቱ ግን በገጠር ጎጆዋ በጎረቤት ምጽዋት የምትኖር ሰው በየቁምስናው አይጠፋም።

ቅርጫት የያዘችው ሴት

ስለ ድሆች መናገር፣ ስለ ድሆችም መለመን ምን ማለት እንደ ሆነ በሕይወቷ ያሳየች አንዲት የፈረንሳይ ሴት አለች። ስሟ ዣን ዡጋን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የተወለደችው በ1792 በብሪታኒ አውራጃ፣ ካንካል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ባሕር ላይ ቀረ። እናቷ ሠርታ አሳደገቻት። ዣን በልጅነቷ በአንዲት እመቤት ማእድ ቤት፣ ኋላም ሳን ሰርቫን በምትባል የወደብ ከተማ በሆስፒታል አስታማሚነት፣ ከዚያም በሰው ቤት በአገልጋይነት ብዙ ዓመታት ሠርታለች። በዚያ አገር ወንዶቹ ዓሣ ሊያሰግሩ ወደ ሩቅ ባሕር ስለሚሄዱ፣ ልጆቻቸውን ባሕር የበላባቸው ወላጆችና ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች በየጎዳናው እየለመኑ ያረጁ ነበር።

በ1839 የብርድ ወራት፣ ዣን የ47 ዓመት ሴት ሳለች፣ አን ሾቫን የተባለች ዓይነ ስውርና ግማሽ አካሏ የማይታዘዝላት አሮጊት ወደ ቤቷ አስገባች። የራሷን አልጋ ሰጥታት እርሷ ቆጥ ላይ ወጥታ ተኛች። ብዙም ሳይቈይ ሌላ አሮጊት ተጨመረች። ይህች ሁለተኛዪቱ ጌቶቿ ከከሰሩ በኋላ ያለ ደመወዝ ያገለገለቻቸው፣ በመጨረሻም ስለ እነርሱ የለመነች ሠራተኛ ነበረች። በ1841 ሰፋ ወዳለ ቤት ተዛወሩ፤ አረጋውያኑም 12 ሆኑ። ሁለት ሦስት ሴቶችም ዣንን ለማገዝ አብረዋት ነበሩ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰው ማን ይመግበዋል? መፍተል የሚችሉት አሮጊቶች ይፈትሉ ነበር፤ ሌሎቹ ግን እንደ ቀድሞ ልማዳቸው ጧት ወጥተው ይለምኑ ነበር። አንዳንዶቹ ያገኙትን ሳንቲም መጠጥ ቤት አድርሰውት ይመለሱ ነበር። አንድ ወንድም ገዳማዊ በሰጣት ምክር ዣን ነገሩን በሌላ መንገድ ያዘችው። ማን ማን ይሰጣችሁ እንደ ነበር ንገሩኝ ብላ የሰጪዎቹን ቤቶች ከአረጋውያኑ ከራሳቸው ጠየቀች። ከዚያም ቅርጫት አንጠልጥላ በእነርሱ ፈንታ ከደጃፍ ደጃፍ ትዞር ጀመር። ከዚህ ቀደም ወደ እናንተ ትመጣ የነበረችው እናት ከእንግዲህ አትመጣም፤ እኔ በእርሷ ፈንታ መጥቻለሁ ማለቷ ነበር። ገንዘብ ብቻ አልነበረም የምትቀበለው፤ ከማእድ የተረፈ ምግብ፣ አሮጌ ልብስ፣ ማገዶ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታመጣ ነበር።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። ዳቦውማ ቀድሞም ይገኝ ነበር። የከተማው ሰዎች ለእነዚያው አረጋውያን ይሰጡ ነበር፤ ሰጪዎቹም አልተለወጡም። የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ውርደቱን የሚሸከመው ሰው ተለወጠ። በዝናብና በብርድ ደጅ መጥናቱ፣ ሄደህ ሥራ መባሉ፣ በር ፊት ላይ መዘጋቱ፣ ይህ ሁሉ ከሰማንያ ዓመቷ አሮጊት ላይ ወርዶ በዣን ላይ ሆነ። ለራሷ ስላልለመነች አልከበዳትም የሚል ቢኖር ተሳስቷል፤ ልመናው ከባድ ሆኖባት እንደ ነበር፣ ነገር ግን ስለ እግዚአብሔርና ስለ ድሆቿ እንዳደረገችው በስተርጅናዋ ለወጣት እኅቶች ነግራቸዋለች። አንድ ቀን አንድ ሰው ተቈጥቶ በጥፊ እንደ መታት፣ እርሷም ጥፊው የራሷ ድርሻ መሆኑን፣ አሁን ደግሞ የድሆቿን ድርሻ እንዲሰጣት በእርጋታ እንደ ጠየቀችው ይተረካል።

በ1845 የፈረንሳይ አካዳሚ ለበጎ ምግባር የሚሰጠውን የሞንቲዮን ሽልማት፣ 3000 ፍራንክ ሰጣት። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ግን ባልንጀሮቿ አለቃቸው አድርገው ዳግመኛ መርጠዋት ሳለ፣ የማኅበሩ መሪ የነበረው ካህን ምርጫውን ሽሮ የ23 ዓመት እኅት ሾሞ ነበር። በ1852 ደግሞ ከልመናው አገልግሎት ተጠርታ በማእከላዊው ቤት እንድትቀመጥ ተደረገ፤ በዚያም ለ27 ዓመታት ስሟ ሳይነሣ ኖረች። ብዙዎቹ ወጣት እኅቶች መሥራቿ እርሷ እንደ ሆነች ሳያውቁ አብረዋት ይጸልዩ ነበር። በ1879 በ86 ዓመቷ ስታርፍ «የድሆች ታናናሽ እኅቶች» የተባለው ማኅበሯ 2400 ያህል እኅቶች ነበሩት። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1982 ብፅዕት፣ ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 ቅድስት ብለው ዐውጀዋታል። የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት የሚያጣላቸው ወገኖች ካሉ፣ ይህን የሕይወቷን ክፍል ደጋግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

ጧሪና ቀባሪ

ሕዝባችን ልጅ ሲወልድ ጧሪ ቀባሪ ይሁንህ ተብሎ ይመረቃል። ሁለቱን ቃላት ለያይተን ብናያቸው ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። በአገራችን ቀባሪ ማጣት አስቸጋሪ ነው። እድር አለ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው በሰዓቱ ይደርሳል፤ መቃብር ቆፋሪውም ሳይጠሩት ይመጣል። ጧሪ ግን እንዲህ ተደራጅቶ አይጠብቅም። ወርኃዊ መዋጮውን መክፈል አቅቷቸው ከእድሩ የሚሰረዙ አረጋውያን ደግሞ ሁለቱንም ያጣሉ። አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያሉትን አቅመ ደካሞች መርዳት መጀመራቸውን ስንሰማ ደስ ይለናል።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አለው፤ በግል ድርጅት የተቀጠረውም ከ2011 ጀምሮ በአዋጅ ታቅፏል። ገበሬው፣ ጉሊት ስትቸረችር የኖረችው እናት፣ በሰው ቤት እንጀራ ስትጋግር ወገቧ የጎበጠው ሴት፣ በቀን ሥራ ድንጋይ ሲሸከም ያረጀው አባት ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ናቸው። በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በምግብ ዋስትና ችግር ባለባቸው የገጠር ወረዳዎች መሥራት የማይችሉትን በቀጥታ ይረዳል፤ ሁሉን ግን አይደርስም። ለእነዚህ ሰዎች ጡረታቸው ልጆቻቸው ነበሩ። ከልጆቹ ግን ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋ አለ፤ ለራሱ ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው አለ። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ልጆቻቸውን ቀብረው፣ ሊጦሩ በሚገባቸው ዕድሜ የልጅ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አያቶችም ጥቂቶች አይደሉም።

በቤተክርስቲያን ደጃፍ የምናያቸው ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የጨዋ ደሃ የሚባለው ደጃፍ ላይ አይቀመጥም። ነጠላውን አጥቦ ለብሶ፣ ከእኛው ጋር አስቀድሶ፣ ከእኛው ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ወደ ባዶ ቤቱ ይገባል። ይሉኝታው ከረኃቡ ይበልጥበታል። ስለዚህ የለመነን ብቻ የሚረዳ ቁምስና እነዚህን አባቶችና እናቶች ፈጽሞ አያገኛቸውም። ሐዋርያዊው መዝገብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በየሰፈሩ የሚኖሩ ካቴኪስቶች ከማንም በፊት ያውቋቸዋል፤ ጭሱ የማይወጣውን ጓዳ የሚያውቀው ጎረቤት ነውና።

ስለ አሰጣጡም አንድ ነገር እንበል። ለገናና ለፋሲካ አረጋውያንን ፀሐይ ላይ አሰልፎ፣ አምስት ኪሎ ዱቄትና አንድ ሊትር ዘይት እያስጨበጡ ፎቶግራፍ ማንሣት እየተለመደ መጥቷል። ዱቄቱ ጥሩ ነው፤ ሰልፉና ፎቶግራፉ ግን ከቤተክርስቲያን ግቢ ቢወጡ ይሻላል። ያው ዱቄት በምሽት በሁለት ሰዎች እጅ ወደ ቤታቸው ቢሄድ፣ ተሸካሚዎቹም ቁጭ ብለው ቡና ቢጠጡ፣ አረጋዊቷ ተቀባይ ብቻ ሳትሆን እንግዳ ተቀባይም ትሆናለች። ትመርቃለች፤ የልጅነቷን የቁምስና ታሪክ ትነግራለች፤ ስለ ልጆቻችን ትጸልያለች።

የአረጋውያን መኖሪያ እንሥራ የሚል አሳብም ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ጎዳና ላይ ለወደቁት፣ የሚያነሣቸው ሰው ለሌላቸው እንዲህ ያለ ቤት ያስፈልጋል። በ1973 ወደ አገራችን የገቡት የብፅዕት፣ ዛሬ ቅድስት የምንላት የእማሆይ ተሬዛ እኅቶችም ሆኑ በአዲስ አበባ የሚገኘው መቄዶንያ ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ መቄዶንያም ስለ አረጋውያኑ ሆኖ ከሕዝብ ይለምናል። የራሳቸው ጓዳ፣ ጎረቤትና ቡና የሚያጣጧቸው ባልንጀሮች ያሏቸውን ግን ከዚያ መንቀል አያስፈልግም። የጎደላቸው ጤፍ ከሆነ ጤፍ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ከሆነ ቆርቆሮ ይምጣላቸው።

ለቡድን ውይይት

ካቴኪስቶች ይህን ትምህርት ሲያቀርቡ አስቀድመው የሐዋርያት ሥራ 6፣1-6ንና 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፣3-16ን ያስነብቡ። ከዚያም ቡድኑ በሰፈሩ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ብቻቸውን የሚኖሩትን ይዘርዝር፤ የሌላ እምነት ተከታዮችን ሳይተው፣ ልጅ ያላቸውንና የሌላቸውን ለይቶ። ልጅ ካለ ማን ሄዶ ያነጋግረዋል? ከእድር የተሰረዘ ካለ መዋጮውን ማን ይክፈልለት? ለእያንዳንዳቸው ምን እንደ ጎደለ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸውና ሳይጠይቁ አይወሰን። ዝርዝሩ በቆሞሱ ዘንድ ይቀመጥ እንጂ በማስታወቂያ ሰሌዳ አይለጠፍ። ስብሰባው ከመበተኑ በፊትም ቅርጫቱን ይዘው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡት ሰዎች ስም፣ ነጋዴው ሱቅ ይሁን ወፍጮ ቤቱ በየትኛው ደጃፍ እንደሚጀምሩና የሚወጡበት ቀን ይጻፍ።